ምርጊትና ክዳን

ደጀን ደርሼ ስቆም መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የማርሽ ዘይት ሽታ ታውቃላችሁ? ሰልፈር አለበት። የገማ እንቁላልና የተቃጠለ ጎማ አንድ ላይ ይመስላል። አፍንጫ ውስጥ ከገባ ቶሎ አይወጣም። ወደ ኋላ ዞሬ ጎንበስ አልኩ። የዲፈረንሻሉ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው የጥርሶች ቤት፣ ክዳኑ ከታች በኩል ርሷል። ዘይቱ አንዱ የብሎን ራስ ላይ ይጠራቀምና ጠብ ይላል። ትንሽ ይቆይና ደግሞ ጠብ።

ያን ክዳን የዘጋሁት እኔው ነኝ። ከአራት ቀን በፊት፣ ማርቆስ ላይ፣ በሲሊኮን፤ ከቱቦ ተጨምቆ ሲደርቅ በሚያሽገው ማለት ነው። ዛሬ ግን ክርክሬ እንዲህ ያለ ክዳን ደጋግሞ በሚያገለግል ጋስኬት፣ በሁለቱ ብረቶች መሃል ገብቶ ዘይት እንዳያልፍ በሚያሽግ ስስ ንጣፍ፣ ቢዘጋ ይሻላል የሚል ነው።

አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ ነበር። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርጄ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ ወደ ደጀን ወጥቼ። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ካለ ደጋ ተነስታችሁ 1,000 ሜትር ገደማ ወዳለ ቆላ ትወርዳላችሁ። ከዚያ ያንኑ ያህል መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ሹራብ ለብሶ የተነሳ ሰው ድልድዩ ጋ ሲደርስ ሸሚዙንም ማውለቅ ያምረዋል። መኪናም እንደዚያው ነው። ፍሬኑ፣ ራዲያተሩ፣ ዲፈረንሻሉ፣ ሁሉም ያለበትን ጉድ እዚያ ያወጣል።

ስለ መኪናዋ ልንገራችሁ። አሮጌ ላንድሮቨር 110 ናት። አባቴ ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ላይ ነው የገዛት። ዛሬ እሱ አይነዳም፤ ጉልበቱ ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ ብሎታል። እኔ ከማርቆስ ወደ ረቡዕ ገበያና ወደ ጮቄ ሥር ወዳሉ ቀበሌዎች የድንች ዘር አመላልስባታለሁ። የኋላ ዲፈረንሻሏ ሳልስበሪ የሚባለው ነው። ከኋላ በኩል የላሜራ ክዳን አለው። 10 ብሎን ፈትታችሁ ክዳኑን ስታነሱ ጥርሶቹ ፊት ለፊታችሁ ናቸው። ዘይቱ ሁለት ሊትር ከሩብ ያህል ነው።

ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። እኛ አገር የሚበዙት መኪኖች እንዲህ አይደሉም። ሃይሉክሱ፣ ዶልፊኑ፣ ኤንፒአሩ፣ የኋላቸው የተበየደ ነው፤ ከኋላ የሚነሳ ክዳን የላቸውም። ዲፈረንሻሉ የሚወጣው ከፊት በኩል ነው። ለዚያም መጀመሪያ ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት ሁለቱ ዘንጎች መውጣት አለባቸው። ግማሽ ቀን ይፈጃል። እንዲህ ያለው ነገር በሲሊኮን ቢዘጋ አልከራከርም። በስንት ጊዜ አንዴ ነው የሚከፈተው? የእኔ ክርክር ክዳን ስላለው ዲፈረንሻል ነው።

እናቴ ጠላ ስትጠምቅ የጋኑን አፍ ትመርገው ነበር። ክዳኑን ትደፋና ዙሪያውን በጭቃ ትለስነዋለች። ጎረቤታችን ደግሞ አረቄ ስታወጣ ማሰሮውና መቃው የሚገናኙበትን ትመርጋለች። እንፋሎቱ በዚያ ካመለጠ ድካሟ አየር ላይ ቀረ ማለት ነው። መሶብ ግን አይመረግም። መሶብ ክዳን አለው። ቤተሰብ ሲቀርብ ይነሳል፣ ሲበላ ተመልሶ ይደፋል፣ እንግዳ ሲመጣ እንደገና ይነሳል። የጋራዥ ቋንቋችን አብዛኛው ከጣሊያን የመጣ ነው። ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ጎሚስታ እንላለን። ለዚህ ጉዳይ ግን ከናቴ ማድ ቤት የተሻለ ቃል አላገኘሁም። ሲሊኮን ምርጊት ነው። ደጋግሞ የሚያገለግለው ጋስኬት የመሶብ ክዳን ነው።

ሁለቱም ያሽጋሉ። ልዩነቱ የሚታየው ሊከፈቱ ሲሉ ነው።

ወደ ደጀን ልመለስ። አንድ ሊትር ዘይት ገዝቼ ሞላሁ። ከደጀን ማርቆስ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሉማሜ ላይ ቆሜ አየሁ። ጠብታው ቀጥሏል፣ ግን አልባሰበትም። ቀስ ብዬ ገባሁ። መንገድ ላይ የሠራሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስኩ።

ክዳኑን የጠረግሁት በቤንዚን ነበር። ቤንዚን ቅባቱን ያነሳል፤ ሲደርቅ ግን የራሱን ስስ ቅባት ሊተው ይችላል። ሲሊኮን ደግሞ ቅባት ላይ አይጣበቅም። የፍሬን ማጽጃ ወይም አሴቶን ነበር የሚሻለው። ቀጥሎ፣ ሲሊኮኑን አብዝቼ ቀባሁ። ሲበዛ ይበልጥ የሚይዝ መስሎኝ። ትክክለኛው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚወፍር አንድ መስመር ነው፤ ሳይቋረጥ፣ በብሎን ቀዳዳዎቹ በውስጥ በኩል የሚዞር። የተረፈው ወደ ውስጥ ተጨምቆ ይወጣል። ከደረቀ በኋላ ይቆረጥና ዘይቱ ውስጥ ይዋኛል። መጨረሻው ኩሽኔታ ነው።

ትልቁ ስህተቴ ጊዜው ነው። ይህ ሲሊኮን የሚደርቀው አየር ውስጥ ያለውን እርጥበት እየሳበ ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚጠነክረው። ላዩ በ10 ደቂቃ ቆዳ ያወጣል። በጣት ነክታችሁ ደርቋል ትላላችሁ። ውስጡ ግን ገና ለስላሳ ነው። አብዛኛው ቱቦ ላይ 24 ሰዓት ይላል። ያውም በክፍል ሙቀት። የማርቆስ የሐምሌ ሌሊት የክፍል ሙቀት አይደለም። ብርድ ሲሆን ይዘገያል። እኔ ከሰዓት ዘግቼ፣ ማታ ዘይት ሞልቼ፣ ጎህ ሲቀድ ተነሳሁ። ሰው ተቀጣጥሬ ነበር። መኪና ለሥራ የያዘ ሰው 24 ሰዓት ከየት ያመጣል?

ቱቦውንም መምረጥ አለ። ለመስኮት የሚሆነውና ለሞተር የሚሆነው አንድ አይደለም። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፤ ለብረት ጥሩ አይደለም። የማርሽ ዘይት ደግሞ ከሞተር ዘይት የከፋ ነው። ጥርሶቹን ከጫና የሚጠብቁት ቅመሞቹ ተራውን ሲሊኮን ቀስ በቀስ ያለሰልሱታል። ስለዚህ የማርሽ ዘይት እንደሚችል ቱቦው ላይ ካልተጻፈ አትግዙ። ቀኑንም እዩ። መደርደሪያ ላይ ያረጀ ሲሊኮን ስትቀቡት ደህና ይመስላል፣ ግን በቅጡ አይጠነክርም።

ማርቆስ ስደርስ በቀጥታ ወደ ጋሼ ጋራዥ ሄድኩ። ጋሼ የአባቴ ጓደኛ ነው። መካኒክነትን ያየሁት በእሱ እጅ ነው። የጋራዡ ግድግዳ ላይ በሚስማር የተንጠለጠሉ የካርቶን ቅርጾች አሉ። የውሃ ፓምፕ፣ የካምቢዮ ክዳን፣ የቴርሞስታት ቤት። ጋስኬት የሚቆርጥባቸው ናቸው። አንዳንዶቹ ከእኔ ዕድሜ ይበልጣሉ።

ጎንበስ ብሎ ክዳኑን አየ። ስለ ሲሊኮኔ አንድም ነገር አልተናገረም።

«ማስተንፈሻውን አይተኸዋል?» አለኝ።

«አላየሁም ጋሼ።»

«እንግዲያው ክዳኑን አትውቀሰው።»

ከአክስሉ፣ ዲፈረንሻሉንና የጎማዎቹን ዘንጎች ከያዘው ብረት፣ ላይ የተቀመጠችውን ትንሿን ማስተንፈሻ ፈትቶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። በዋልካ ተደፍናለች። ጭቃው ደርቆ ሸክላ ሆኗል። በሽቦ ወግቼ ነው የከፈትኳት።

ያን ቀን የገባኝ ነገር ብዙ ሰው የሚያውቀው አይመስለኝም፣ ስለዚህ ዘርዘር ላድርገው። ዲፈረንሻል ውስጥ ዘይት ብቻ የለም፤ አየርም አለ። መኪናው ሲሠራ ይሞቃል። አየር ሲሞቅ ይሰፋል። ማስተንፈሻው ክፍት ከሆነ በዚያ ይወጣል። ከተደፈነ መውጫ ይፈልጋል። ያገኘውን ደካማ ቦታ ይገፋል። የእኔ ደካማ ቦታ ያልደረቀው ሲሊኮን ነበር። ዓባይ በረሃ ወርዳችሁ ስትወጡ ሙቀቱ የቱን ያህል እንደሚጨምር አስቡት። ክዳኑ ባይለቅ ኖሮ ደግሞ ዘይቱ በጎማዎቹ በኩል ያሉትን ዘይት የሚያግዱ ኦይል ሲሎች አልፎ ፍሬን ላይ ይደርስ ነበር። ዘይት የነካው ፍሬን ይዞ የዓባይን ቁልቁለት መውረድ ምን እንደሆነ አልነግራችሁም።

የተገላቢጦሹም አለ። የጋለ አክስል ድልድይ የሌለው ወንዝ ውስጥ ሲገባ ባንዴ ይቀዘቅዛል። አየሩ ይኮማተራል። ማስተንፈሻው ከተደፈነ ውሃውን በሲሎቹ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ያን ጊዜ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል። ይህን በዓይናችሁ የምታዩት ክዳኑን ስትከፍቱ ነው።

ጋሼ በዚያው ቀን የወረቀት ጋስኬት ቆረጠልኝ። ሲቆርጥ ማየት እወዳለሁ። የጋስኬት ወረቀቱን በክዳኑ ላይ ይዘረጋዋል። ከዚያ በክብ ራስ መዶሻ ጠርዝ ጠርዙን ቀስ እያለ ይመታዋል። መቀስ የለም፣ ምላጭ የለም። የክዳኑ ጠርዝ ራሱ ወረቀቱን ይቆርጠዋል። ለብሎን ቀዳዳዎቹ የመዶሻዋን ክብ ጫፍ ቀዳዳው ላይ አስቀምጦ አንዴ ጠቅ ያደርጋታል። ክቧ ቁራጭ ዱብ ትላለች። «ከካላማዳሪያ አትቁረጥ» ይለኛል ሁሌም። አንድ ሹፌር ጎማ ነው፣ ይለጠጣል፣ ይይዛል ብሎ ከካላማዳሪያ ቆርጦ አስገብቶ ነበር። የካላማዳሪያ ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጣል። በሁለት ሳምንት እንደ ራሰ ቂጣ ሆኖ በክዳኑ ዙሪያ ተንጠለጠለ።

የወረቀቷ ጋስኬት ዓመት ከምናምን ቆየች። ጠብ አላለችም። ችግሩ የመጣው ስከፍታት ነው። ግማሿ ክዳኑ ላይ ቀረ፣ ግማሿ አክስሉ ላይ። አንድ ሰዓት ሙሉ በመፋቂያ ስፍቅ ዋልኩ። ፍርፋሪው ጥርሶቹ መሃል እንዳይገባ በጨርቅ ሸፍኜ። ሲሊኮንም ከዚህ አይሻልም። በደንብ የያዘ ሲሊኮን እንዲያውም ይብሳል፤ ክዳኑን ለማላቀቅ በካቻቢቴ መፈልቀቅ ይመጣል። ያኔ የሚታሸግበት ፊት ይጫራል።

አባቴ ዲፈረንሻል ሲነካካ ይበላሻል ብሎ ያምናል። መኪናዋን በያዘበት ዘመን አንዴም አልከፈተውም። በታፖው በኩል ዘይት ይለካል፣ ይሞላል፣ በቃ። አልፈርድበትም። እንዳይከፈት ያደረገው ምርጊቱ ነው። ለመክፈት አንድ ሰዓት መፋቅ፣ ለመዝጋት አንድ ቀን መጠበቅ ካለበት ማን ይከፍታል? ሰው የሚከፍተው ሲጮኽ ነው። ዲፈረንሻል ሲጮኽ ደግሞ ጥርሱ አልቋል።

ደጋግሞ የሚያገለግል ጋስኬት መኖሩን የሰማሁት ከአክስቴ ልጅ ነው። አሜሪካ ነው ያለው። እዚያ የኋላ ክዳን ያላቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ሉብሎከር የሚባል አለ። መሃሉ ስስ ብረት ነው። በሁለቱም ፊቱ ላይ ከፍ ያለ የጎማ መስመር ዙሪያውን ተጣብቆበታል። ሲሊኮን አይፈልግም። የሳልስበሪ አክስል በንድፉ ለአሜሪካው ዳና 60 የቅርብ ዘመድ ነው። ያም ሆኖ በዘመድነት አላመንኩም። ክዳኑን አጥቤ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጥኩት። ዙሪያውንና 10ሩን ቀዳዳዎች በእርሳስ አወጣሁ። በቀዳዳዎቹ መሃል ያለውን ርቀት በሚሊ ሜትር ጻፍኩ። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ላክሁለት። ከመግዛቱ በፊት አመሳከረው። ሰው ሲመጣ ላከልኝ።

ዋጋው ቀላል አይደለም። በአንዱ ጋስኬት ብዙ ቱቦ ሲሊኮን ይገዛል። ግን የሲሊኮን ዋጋ ቱቦው ብቻ ነው እንዴ? የቆመው ቀንስ? የፈሰሰው ዘይትስ? ዓባይ በረሃ ያስያዘኝ ጭንቀትስ?

ጋሼ ጋስኬቱን አገላብጦ አየው። ከዚያ ክዳኑን ጠየቀኝ። የመስታወት ቁራጭ ላይ በአፉ ደፋው። በየብሎን ቀዳዳው አጠገብ ብርሃን ያሳልፋል። ለዓመታት ሲፈስ ይበልጥ እየጠበቀ፣ ይበልጥ ሲጠብቅ ላሜራው ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ይህ የብዙ ክዳን በሽታ ነው። ዘይት ጠብ ሲል ሁሉም ሰው ቁልፍ ያነሳል። ሲጠብቅ ቀዳዳው ዙሪያ ይጎደጉዳል፣ በሁለት ብሎን መሃል ያለው ደግሞ ይነሳል። በዚያ ይፈሳል። ጋሼ ሞርሳ ላይ አድርጎ ከጀርባው በመዶሻ መለሰው። መስታወት ላይ እየደፋ፣ እያየ፣ እየመታ። ሲሊኮን ቢሆን ይህን ሁሉ ይሸፍነው ነበር። ጋስኬቱ አይሸፍንም። ፊቱ ቀጥ እንዲል ይጠይቃል።

ከዚያ ገጠምነው። ደረቅ ለደረቅ። ጋሼ ዕድሜ ልኩን ወረቀት ላይ ትንሽ ግራሶ የሚቀባ ሰው ስለሆነ እጁ ወደ ቆርቆሮው ሄዶ ነበር። «ይኼ አይፈልግም ጋሼ» አልኩት። ቅባት ሲነካው ይንሸራተታል፣ ከመስመሩም ይወጣል። ብሎኖቹን በእጅ ካስገባን በኋላ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች፣ ቀጥሎ ከግራና ከቀኝ እያልን በመስቀለኛ አጠበቅን። በሦስት ዙር። መጨረሻውን በቶርክ ሬንች፣ ምን ያህል እንደጠበቀ በሚለካው ቁልፍ። ዘይት ሞልተን ወዲያው ነዳሁ። በበነጋው ረቡዕ ገበያ ነበርኩ። ክዳኑ እንደ ደረቀ ነው።

ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ከፍቼዋለሁ። ክረምት ሲወጣ ጥቅምት ላይ አንዴ፣ ፋሲካ አካባቢ አንዴ። ያው ጋስኬት ነው። በጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ የጎማ መስመሩ ተቆርጦ ወይም ተነስቶ እንደሆነ በጥፍሬ እዳስሳለሁ፣ እመልሰዋለሁ። ሙሉ ሥራው ዘይት እስኪወርድ ከመጠበቅ ጋር አንድ ሰዓት አይሞላም። ብሎን ስፈታ እንደ ድሮው ልቤ አይከብድም።

በሦስተኛው መክፈቻ የሆነውን ልናገር። ዘይቱን ሳፋ ላይ ካወረድኩ በኋላ ውስጡ ማግኔት አዞርኩበት። ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር ያዘ። እሱ ጤነኛ ነው፤ ጥርስ ከጥርስ ሲፋተግ የሚመጣ ነው። መሃሉ ላይ ግን ጥፍር የምታህል ብልጭ የምትል ቅርፊት ነበረች። ጋሼ በጣቶቹ መሃል አሻትና «ኩሽኔታ» አለ። ድምፅ አልነበረም። መኪናዋ አላጉረመረመችም። ከጎን ያሉትን ኩሽኔታዎች አንድ በአንድ ሲያዞር አንደኛው ሻካራ ሆኖ ተገኘ። ኩሽኔታውን ብቻ ቀየርን። ሌላ አንድ ክረምት ብነዳባት ጥርሶቹም አብረው ይሄዱ ነበር። ለአባቴ ቅርፊቷን አሳየሁት። በመዳፉ ይዞ ብዙ ጊዜ አያት።

ይህን ሁሉ ስል ሲሊኮን ይጣል እያልኩ አይደለም። የሞጣ ጓደኛዬ የኋላ ክዳን ያላት አሮጌ ጂፕ አለችው። ክዳኗን ዝገት በልቶታል፤ ፊቱ ላይ ምስር የሚያህሉ ጉድጓዶች አሉ። የእኔን ዓይነት ጋስኬት ሊያስመጣ ሲል አትግዛ አልኩት። የጋስኬቱ መስመር ጉድጓዱን ተሻግሮ ያልፋል እንጂ ገብቶ አይሞላውም። ሲሊኮን ይሞላዋል። እንዲያውም በደንብ ታጥቦ፣ በልኩ ተቀብቶ፣ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ከተተወ ብዙ ዓመት ይቆያል። ሲሊኮን ጥፋት የለበትም፤ የሚያጠፋው ጥድፊያችን ነው። እኔም ብሆን አንድ ቱቦ ከወንበሬ ሥር አስቀምጣለሁ። ጮቄ ላይ ድንጋይ ክዳኑን ቢቀጠቅጠው ብረት ጋስኬት አያድነኝም። ያን ጊዜ ምርጊት ነው የሚያስፈልገኝ።

ማስተንፈሻዋንም ቀይሬያለሁ። በቀጭን የላስቲክ ቱቦ ወደ ላይ ስቤ ከጭቃና ከወንዝ ውሃ አርቄያታለሁ። የዚህ ጽሑፍ አንባቢ ሌላውን ሁሉ ቢረሳ ይህን ባይረሳ ደስ ይለኛል። ጋስኬት ከመግዛታችሁ በፊት፣ ሲሊኮን ከመቀባታችሁ በፊት፣ ማስተንፈሻዋን ፈትታችሁ በአፋችሁ ንፉባት።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ጋ ለሌላ ጉዳይ ጎራ አልኩ። ስወጣ ጠራኝ።

«አንተ ልጅ፣ ለአሜሪካው ልጅ የላክሃት ወረቀት አለች?»

«የክዳኑ? መኪና ውስጥ አለች።»

«አምጣት እስኪ።»

አመጣሁለት። ዘይት ነክቷታል፣ የ10ሩ ቀዳዳ ርቀት ግን ይነበባል። ካርቶን ላይ አስቀምጦ በመዶሻዋ ጠርዙን መምታት ጀመረ። ሲጨርስ ከላይ በኩል አንድ ቀዳዳ በሳላትና ከውሃ ፓምፑ ቅርጽ ጎን ሚስማር ላይ ሰቀላት።